ፊቱን ውሻ የበላው ከርከሮ

አቶ ውባየሁ የሰው ዘር ማንዘር ይጠግናሉ። አባባሉ የባለቤታቸው የወይዘሮ ፀዳል ነው። ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ከተማ የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ «ባለቤትሽ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ምን ይሠራል?» ሲላቸው፣ «የፈረንጅ ዘር ማንዘር ይጠግናል። ጋራዡን ይዞታል፤ መኪናዬ ውጭ በረዶ ለብሳ ታድራለች» ብለው ይመልሳሉ።

ነገሩ ቀልድ ይምሰል እንጂ እውነት ነው። አያት ቅድመ አያታቸው ከስኮትላንድ፣ ከአየርላንድ ወይም ከጀርመን የመጡ ብዙ የዴንቨር ሰዎች ሳሎናቸው ውስጥ ከእንጨት የተፈለፈለ የቤተሰብ አርማ ይሰቅላሉ። አርማው ጋሻ ነው። በጋሻው ላይ ኮከብ ወይም ጨረቃ ይቀረጻል፤ ከጋሻው በላይ ደግሞ አንድ እንስሳ ጉብ ይላል፤ አንበሳ፣ ንስር ወይም አጋዘን። ታዲያ እንጨት እንጨት ነውና ይሰነጠቃል፤ ከምስማሩ ይወድቃል፤ ልጆች በኳስ ይመቱታል። ንስሩ ምንቃሩን፣ አንበሳው ጭራውን ያጣል። ያን ጊዜ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ወደ አቶ ውባየሁ ጋራዥ ይመጣል።

ሙያውን የያዙት በስተርጅና ነው። መሀል ዴንቨር ካለ መኪና ማቆሚያ በር ላይ፣ ከአንዲት የመስታወት ጎጆ ውስጥ ተቀምጠው ትኬት እየቆረጡ ለዓመታት ሠርተዋል። ጎጆዋ ፈርሳ ማሽን ሲተከልባት ቤት ዋሉ። ቤት መዋላቸው ሳምንት ሳይሞላው ወይዘሮ ፀዳል «ወይ አንተ ውጣ፣ ወይ እኔ ልውጣ» አሏቸው። ወጥተው በሰፈሩ ወዳለው የአረጋውያን ማዕከል ሄዱ። ትምህርቱ ሦስት ዓይነት ነበር፤ ሸክላ፣ ዳንስና እንጨት ቀረጻ። ሸክላው እጅ ያጨቀያል፣ ዳንሱ ከእሳቸው ጋር አይሄድም፣ ስለዚህ እንጨቱ ቀረላቸው። መጀመሪያ ማንኪያ ቀረጹ፤ ማንኪያው አካፋ ሆኖ ወጣ። ቀጥለው ወፍ ቀረጹ፤ ወፏን ወይዘሮ ፀዳል ጫማ መስሏቸው ጓደኛውን ሲፈልጉ ዋሉ። አቶ ውባየሁ ግን ሰው ሲስቅባቸው እልህ የሚይዛቸው ሰው ናቸው። መሮውን ይዘው ቀሩ፤ እጃቸውም ቀስ በቀስ ሰው ሆነ።

መጀመሪያ ላይ የአርማ ነገር ስለማይገባቸው ጉድ ሊሠሩ ነበር። አንድ ደንበኛ በግንባሩ መሀል ረጅም ቀንድ ያለው ፈረስ አመጣላቸው። አቶ ውባየሁ አንድ ሰው ፈረሱ ግንባር ላይ ምስማር የሰካበት መስሏቸው በጉጠት ይዘው ሊነቅሉት ሲሉ ደንበኛው ጮሆ አስጣላቸው። ከዚያ ወዲህ ሳይጠይቁ ምንም አይነቅሉም።

ልባቸው ያለው ግን ሌላ ቦታ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያናቸው በር ላይ። ምእመናኑ ገዝተው ቤተ ክርስቲያን ያደረጉት ሕንፃ ቀድሞ የፍራሽ መሸጫ ነበር። ውስጡ አምሯል፤ መጋረጃው፣ ሥዕሉ፣ ምንጣፉ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። በሩ ግን ያው የፍራሽ ቤቱ በር ነው፤ ሰው በተጠጋው ቁጥር በራሱ የሚንሸራተት መስታወት። በቅዳሴ መሀል ከኋላ የቆመ ሰው እግሩ ዝሎ አንድ እርምጃ ወደ በሩ ካፈገፈገ፣ ሽው ብሎ ይከፈትና የጥር ነፋስ ገብቶ ሻማውን ሁሉ ያጠፋዋል።

የሕንፃ ኮሚቴው ይህን መስታወት ነቅሎ ባለ ሁለት መዝጊያ የእንጨት በር ሊያስገባ ወሰነ። ግማሹ አባል ከፋብሪካ ተሠርቶ ያለቀለትን እናስመጣ አለ። አቶ ውባየሁ ይህን ሲሰሙ ኮሚቴው ፊት ቀርበው «እኔ እያለሁ?» አሉ። በሕይወታቸው ያንን በር ያህል የፈለጉት ነገር የለም። በሰው በር ላይ ተቀምጠው አርጅተዋል፤ አሁን «ይህ የእኔ እጅ ነው» የሚሉት በር አማራቸው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ፍቅረሥላሴ ናቸው፤ ቀጥ ያሉ፣ ከረባታቸውን በሥራ ቀን እንኳ የማያወልቁ፣ ሲናገሩ ቃል የሚቆጥቡ ሰው።

«ለፈረንጅ አንበሳ ጭራ መቀጠልና የእግዚአብሔርን ቤት በር መሥራት አንድ አይደለም» አሏቸው። «ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ ጋራዥዎ መጥተን እጅዎን እናያለን። እስከዚያ ግን ቃል አልሰጥም።»

«ይምጡ» አሉ አቶ ውባየሁ፤ ኮታቸውን ቆልፈው ወጡ።

በዚያው ሰሞን ነው ወይዘሮ ዶረቲ የሚባሉ ፈረንጅ አሮጊት ከፓርክ ሂል ሰፈር የደወሉላቸው። አቶ ውባየሁ ሄደው በራቸውን ሲያንኳኩ አሮጊቷ ገና ደህና ዋሉ ሳይሉ «ፊቱን ውሻው በላው!» አሏቸው።

«የማንን ፊት?» አሉ አቶ ውባየሁ ደንግጠው፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው እንዳለ በዓይናቸው እየፈለጉ።

የተበላው የአርማው ፊት ነው። ግድግዳው ሲቀባ አርማውን አውርደው መሬት ላይ አስቀምጠውት ኖሯል። ውሻው አሁን ሶፋው ሥር ገብቶ ጆሮውን ጥሏል። አርማው በአሮጌ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከበሩ አጠገብ ተቀምጧል።

«ከጥምቀት በኋላ» የሚለውን ቀን ወይዘሮ ዶረቲ ባያውቁትም፣ የእሳቸውም ቀጠሮ በዚያው ቅዳሜ ማግሥት ነበር የወደቀው። «ታላቅ ወንድሜ ከሁለት ሳምንት በኋላ እሑድ ከነብራስካ ይመጣል» አሉ። «አርማው የአባታችን ነበር። ባዶ ግድግዳ ካየ ዕድሜ ልኩን አይለቀኝም። ያደርሱልኛል?»

«ቃሌ ነው» አሉ አቶ ውባየሁ፤ ጥቅሉንም ሳይፈቱ መኪናቸው ላይ ጫኑ።

ቤት ደርሰው ሲፈቱት ጋሻው ደህና ነው፤ ሦስቱ ኮከቦችም ደህና ናቸው። በላዩ ያለው ራስ ግን ሁለት ጆሮና የማጅራት ጸጉር ብቻ ቀርቶታል፤ ከዚያ ወደ ፊት የውሻ ጥርስ ነው። ወይዘሮ ፀዳል አንገታቸውን ሰገግ አድርገው አዩት።

«ድብ ነው?»

አቶ ውባየሁ ወይዘሮ ዶረቲ ጋ ደውለው ጠየቁ። ሲዘጉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። «የዱር አሳማ ነው አሉኝ።»

«አሳማ!» ወይዘሮ ፀዳል አማተቡ። «ጋራዤ ውስጥ?»

«የዱር ነው አልኩሽ እኮ።»

«የዱሩ ተጠምቋል?»

«ፀዳል፣ ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ኮሚቴው ሲመጣ ታዲያ ምን ልትላቸው ነው? ይኼው እጄ፣ አሳማ ላይ እዩት?»

ለአቶ ውባየሁ ግን ቃል ቃል ነው። ደግሞም የዱር አሳማ ማለት ከርከሮ ነው፣ ከርከሮን እኔ አውቀዋለሁ ሲሉ ራሳቸውን አጽናኑ። በወጣትነታቸው ለመንገድ ሥራ አዋሽ ማዶ ሰፍረው ሳሉ ከርከሮ ድንኳናቸው ድረስ እየመጣ ቆሻሻ ይቆፍር ነበር። ስለዚህ ማንንም ሳይጠይቁ ሥራቸውን ጀመሩ። ውሻው ያኘከውን ላጭተው አስተካከሉ፤ መልኩ የሚገጥም የዋልነት እንጨት መርጠው በኮላ አጣበቁ፤ በሞርሳ ጠርቅመው አሳደሩት። ከዚያ በመሮ ከርከሮውን ከእንጨቱ ውስጥ አወጡት፤ ረጅም ጠፍጣፋ ፊት፣ ወደ ላይ የተቆለመሙ ክራንቻዎች፣ ጉንጮቹ ላይ ጉብ ጉብ ያሉ እብጠቶች። አዋሽን ያየ ሰው አይቶ «ሂድ!» ብሎ ድንጋይ ያነሳበታል።

ወይዘሮ ዶረቲ ሊያዩ መጡ። ቆብ ያለው ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ዞረው ዞረው አዩት።

«ውብ ነው» አሉ። «ግን ማነው?»

«የእርስዎ ከርከሮ ነዋ።»

«ጉንጩ ላይ ያሉት ድንቾች ምንድን ናቸው?»

አቶ ውባየሁ በክብር አስረዱ፤ ከርከሮ እንዲህ ነው፣ ድንኳኔ ድረስ ይመጣ ነበር። አሮጊቷ መሳቅ ጀመሩ። ስቀው ስቀው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «የእኛ ሰዎች ከስኮትላንድ ወጥተው አያውቁም ነበር! ወንድሜ ይህን ቢያይ ‘እናታችን የት ሄዳ ነበር?’ ይለኛል።» ዓይናቸውን እየጠረጉ የእነሱ ከርከሮ እብጠት የሌለው፣ ተራ አሳማ የሚመስል፣ ጠጉሩ ብቻ የበዛ መሆኑን ነገሯቸው። «አሳማ በቅርብ አይተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም» አሉ አቶ ውባየሁ። «አስፈልጎኝም አያውቅም።»

«እንግዲያው ስቶክ ሾው ይሂዱ። የከብት ትርኢቱ ዴንቨር የገባው በዚህ ሳምንት ነው።»

አቶ ውባየሁ መጀመሪያ ስልካቸው ላይ ፎቶ ሞከሩ። ፎቶ ግን አፍንጫውን ፊት ለፊት ቢያሳይ ወደ ጉንጩ እንዴት እንደሚዞር አያሳይም። በመጨረሻ ለወይዘሮ ፀዳል «ፈረስ ላይ ልሄድ ነው፤ ማለቴ ፈረስ ላይ ሳይሆን ፈረስ ላይ... ፈረስ ለማየት» ብለው ተንተባትበው፣ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው ወጡ።

ስቶክ ሾው በሰው ግጥም ብሏል። ባለ ሰፊ ባርኔጣ፣ ባለ ትልቅ ቀበቶ፣ የበግ ጠጉር የሚያበጥር፣ በሬ የሚያጥብ። አቶ ውባየሁ ወረቀትና እርሳሳቸውን ኮታቸው ውስጥ ሸሽገው፣ የሚያውቃቸው ሰው እንደሌለ ግራ ቀኝ እያዩ የአሳማዎቹ አዳራሽ ገቡ። ገና ሁለተኛው በረት ሳይደርሱ በአማርኛ የሚቆጣ ድምፅ ሰሙ።

«ቁሚ! ቁሚ እንጂ አንቺ! አታሳፍሪኝ!»

ዞር ሲሉ አንድ ሽማግሌ የላስቲክ ቦት ጫማ አድርገው፣ ብሩሽ ይዘው፣ የአንዲት ሮዝ አሳማ ጀርባ ይፈገፍጋሉ። ከቦት ጫማው በላይ ከረባት አለ። አቶ ፍቅረሥላሴ ናቸው።

ሁለቱ ተያዩ። አሳማዋ ብቻ ናት ያልደነገጠችው።

«አቶ ውባየሁ» አሉ አቶ ፍቅረሥላሴ፣ ብሩሹን ከኋላቸው ደብቀው። «እዚህ... ምን እግር ጣለዎት?»

«እኔ እንኳ ፈረስ ፍለጋ ነበር። እርስዎስ?»

«እኔም... እንዲሁ ሳልፍ።»

«በቦት ጫማ?»

በዚህ መሀል አንዲት አሥራ አምስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ባልዲ ይዛ መጣች። «አባባ፣ ዋፍልን ውሃ ሰጠሃት?» አለች። ዋፍል የአሳማዋ ስም ነው። ልጅቷ ደግሞ ሔቨን የምትባል የአቶ ፍቅረሥላሴ የልጅ ልጅ ናት። ሁሉም ነገር ከዚያ ወዲያ ግልጽ ሆነ። ዋፍል፣ ሔቨን ትምህርት ቤቷ ባለው የእንስሳት ክበብ ገብታ የደረሰቻት አሳማ ናት። እናቷ በሥራ ምክንያት ስለማይመቻት፣ በየማለዳው ከከተማ ወጣ ብሎ ዋትኪንስ ወዳለው እርሻ የሚያመላልሷት አያቷ ናቸው። መጀመሪያ መኪና ውስጥ ቁጭ ብለው ይጠብቁ ነበር፤ ቀጥሎ ባልዲ ያቀብሉ ጀመር፤ አሁን ይኼው ብሩሽ ላይ ደርሰዋል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

አቶ ውባየሁም የእሳቸውን ተናገሩ፤ አርማውን፣ ውሻውን፣ ድንቹን። ሔቨን እየሳቀች «ኦ ማይ ጋድ፣ ይሳሏት! ሺ ላቭስ ኢት!» አለችና የዋፍልን አገጭ ይዛ ቀና አደረገችላቸው። አቶ ውባየሁ በርጩማ ላይ ተቀምጠው መሳል ጀመሩ። አፍንጫው እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ዓይኑ ሥር ያለው ቆዳ እንዴት እንደሚሸበሸብ፣ ጆሮው ከየት እንደሚጀምር አዩ። አቶ ፍቅረሥላሴም መጀመሪያ ከሩቅ፣ በኋላ ከትከሻቸው በላይ ሆነው ያርሙ ጀመር። «የታችኛው ከንፈር ትንሽ ወደ ኋላ ይግባ። አዎ። እንደዚያ።»

ሥዕሉ ሲያልቅ አቶ ፍቅረሥላሴ ሔቨን እስክትርቅ ጠብቀው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንግዲህ እርስዎም እኔን አላዩኝም፣ እኔም እርስዎን አላየሁም። የበሩ ነገር ደግሞ... አያስቡ፣ እኔ አለሁ። ቅዳሜ መምጣቱም ላያስፈልግ ይችላል።»

አቶ ውባየሁ ከበርጩማው ተነሱ። የሚመኙት በር እጃቸው ላይ ወድቆላቸው ነበር፤ እሺ ማለት ብቻ ነው። ፊታቸው ግን ቀላ።

«አቶ ፍቅረሥላሴ፣ ያንን በር በእጄ እንጂ በአሳማ አልፈልገውም። ቅዳሜ ይምጡ። አይተው ካልጣመዎት እዚያው በአፍዎ ይንገሩኝ። የልጅ ልጅዎን ነገር እንደሆነ እኔ ወሬ አላመላልስም።»

ወረቀታቸውን አጥፈው ሄዱ። መኪናቸው ውስጥ ሲገቡ ግን «ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ» ብለው መሪውን መቱት።

በቀሩት ቀናት የመጀመሪያውን ፊት በመጋዝ ቆርጠው ጣሉና እንደገና ጀመሩ። ይህኛው ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል ወጣ። ቅዳሜ ጠዋት የአርማውን ጀርባ ያጠናከሩበት ኮላ ገና አልደረቀም፤ ስለዚህ አርማው ከሥራ ጠረጴዛው ላይ የሚነሳበት መንገድ አልነበረም። ለኮሚቴው የሚያሳዩትን፣ ሐረግ የፈለፈሉበትን የበር ናሙና አጠገቡ አቆሙት።

«ሸፍነው» አሉ ወይዘሮ ፀዳል።

«የእጄን ሥራ አልሸፍንም።»

«እሺ፣ ደስ እንዳለህ» አሉ ወይዘሮ ፀዳል፤ አቶ ውባየሁም በዚህ መልስ መጠርጠር ነበረባቸው። እንግዶቹን ሊቀበሉ ወደ ፊት ለፊቱ በር ሲሄዱ፣ ባለቤታቸው በጓሮ ገብተው ንጹሕ ነጠላቸውን አሳማው ላይ ጣል አደረጉበት።

የመጡት ሦስት ናቸው። አቶ ፍቅረሥላሴ፣ ቀሲስ ጳውሎስ፣ እና የኮሚቴው አባል ወይዘሮ መሠረት። ወይዘሮ መሠረት መንፈሳዊ ሰው ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ሳይስሙት የሚያልፉት ግድግዳ የለም። ጋራዡ ውስጥ ገና እግራቸው ሲገባ፣ ጠረጴዛው ላይ በነጭ ነጠላ የተሸፈነ ነገር አዩ። የተሸፈነ ነገር ደግሞ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። በእርጋታ ጠጋ አሉ፤ አማተቡ፤ ግንባራቸውን አስነክተው ሦስት ጊዜ ሳሙት።

አቶ ውባየሁ ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። ወይዘሮ ፀዳል ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

«የማን ሥዕል ነው?» አሉ ወይዘሮ መሠረት በሹክሹክታ፣ ነጠላውን በሁለት ጣታቸው ገለጥ እያደረጉ።

አሳማው ብቅ አለ።

ከዚያ ወይዘሮ መሠረት አፋቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ፤ ደግመው ጠረጉ። «ሰውዬ! ምንድን ነው ያሳማችሁኝ?»

መልስ የሰጡት አቶ ፍቅረሥላሴ ናቸው። መነጽራቸውን አውርደው ጎንበስ ብለው ነበር፤ የት እንዳሉም የረሱ ይመስላሉ። «ጆሮው ልክ ነው» አሉ። «ከንፈሩም ልክ ነው። አፍንጫው ጫፍ ላይ ግን እርጥበት ይጎድለዋል፤ ጤነኛ ከሆነች ሁልጊዜ እርጥብ ነው።»

«እርስዎ ይህን ከየት አወቁ?» አሉ ወይዘሮ መሠረት።

አቶ ፍቅረሥላሴ ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ ብዙ ነገር አለፈ። አቶ ውባየሁ እያወቁ ዓይናቸውን ወደ ናሙናው አዞሩ፤ ማዳኑም ማጋለጡም የእሳቸው ድርሻ አልነበረም።

«ከስቶክ ሾው» አሉ አቶ ፍቅረሥላሴ በመጨረሻ፣ ከረባታቸውን አስተካክለው። «የልጅ ልጄ አሳማ አላት። ገላዋን የማጥበው እኔ ነኝ። አንበላትም። በውድድሩ ሦስተኛ ወጥታለች።»

«ወይኔ መሠረት!» አሉ ወይዘሮ መሠረት። «እናንተ ሁላችሁም አብዳችኋል። እኔ አሳማ ስሜ ልቅር?»

«የሳሙት ነጠላውን ነው» አሉ ቀሲስ ጳውሎስ በእርጋታ። «ነጠላው ደግሞ የወይዘሮ ፀዳል ነው፤ ወይዘሮ ፀዳልን ስመው ያውቃሉ።» ይህን ብለው ወደ ናሙናው ሄዱ። ሐረጉን በጣታቸው ተከትለው ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ፈለጉ፤ አላገኙትም፤ ደስ አላቸው። ተመልሰው ደግሞ አሳማውን አዩ። ከናሙናው ይልቅ አሳማው ላይ ረጅም ጊዜ ቆዩ።

«ይህን ለመሥራት ስቶክ ሾው ድረስ ሄዱ?»

«መጀመሪያ ሳላይ ሠርቼው ነበር» አሉ አቶ ውባየሁ። «ስህተት ሆነ። ቆርጬ ጣልኩትና ሄጄ አየሁ።»

«ባይቆርጡት ሰው ያውቅብዎት ነበር?»

«ወይዘሮዋ አወቁ። እሳቸው ባያውቁም እኔ አውቃለሁ።»

ቀሲስ ጳውሎስ ወደ ሁለቱ የኮሚቴ አባላት ዞሩ። አቶ ፍቅረሥላሴ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አሁን ጉዳዩ የአሳማ ምስጢር ስላልሆነ በነጻነት ነቀነቁ። ወይዘሮ መሠረት እጃቸውን አጣምረው ግድግዳ ግድግዳውን አዩ።

«እኔ ሁለት ነገር አለኝ» አሉ ቆይተው። «አንደኛ፣ ይህ ፍጥረት ከዚህ ሳይወጣ አንድ ጣውላ እዚህ አይገባም። ሁለተኛ፣ ጋራዡ ጠበል ይረጭ። እኔም ልረጭ።»

«ነገ ጠዋት ፓርክ ሂል ይሄዳል» አሉ አቶ ውባየሁ። «ከቅዳሴ በኋላ በመኪናዬ አብሬዎት አደርሰዋለሁ» አሉ አቶ ፍቅረሥላሴ ቶሎ ብለው። «አያያዙን አውቃለሁ።»

«እንግዲያው» አሉ ቀሲስ ጳውሎስ፣ «አንዱን መዝጊያ ይጀምሩልን። ከወደድነው ሁለተኛውንም የሚሠራው ሌላ አይደለም። ምን ይላሉ አቶ ውባየሁ?»

አቶ ውባየሁ ያንን ቃል ለመስማት ዓመታት ጠብቀዋል። ግን እሳቸው አቶ ውባየሁ ናቸው። ኮታቸውን ቆለፉ፤ አገጫቸውን ቀና አደረጉ።

«አስቤበት እነግራችኋለሁ» አሉ።

ወይዘሮ ፀዳል ወደ ፊት መጡና እግራቸውን ረገጧቸው።

«እሺ ብሏል» አሉ ለቀሲሱ። «እንጨቱ መቼ ነው የሚመጣው?»